በሁሴን በር ላይ የቀባሁት ቀይ ኤክስ

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

የሁሴን ሱቅ ጣራ የለውም።

ከደሃና የመጣሁበት መኪና መናኸሪያው አጠገብ ሲያወርደኝ አየሁት። መጀመሪያ ዓይኔ ነው አልኩ። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፤ ጥፋቱን በእሱ ባሳብብ ደስ ይለኝ ነበር። ቀረብ አልኩ። ግድግዳው ቆሟል። በር የለም፣ መስኮት የለም፣ ከላይ ሰማይ ብቻ። የሁሴን ሚስት ዘይነባ መሀሉ ላይ ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች። ጣራ የሌለው ቤት የሚጠርግ ሰው በሰባ ስድስት ዓመቴ አላየሁም።

ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ለዚህ ደብተር ልናገር።

መናኸሪያችን እየታደሰና እየሰፋ ነው። ዙሪያው በሰማያዊ ቆርቆሮ ታጥሯል፤ አውቶቡሶቹ ለጊዜው ከውጭ፣ መንገድ ዳር ይጭናሉ። በምሥራቅ በኩል ያሉት ሱቆች ለማስፋፊያው ይፈርሳሉ ተባለ። ሠራተኞቹ በሚፈርሰው ሱቅ በር ላይ ቀይ ኤክስና ቁጥር ይቀባሉ። መጀመሪያ አሥር ነበሩ፤ ቆይተው አሥራ አራት ሆኑ። የሁሴን የልብስ ስፌት ሱቅ ከአሥራ አራተኛው ቀጥሎ ነው። ለጥቂት ተረፈ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኞቹ ቀለሙንና ብሩሹን አጥሩ ሥር ትተው ሄዱ። ሁሴን ለሶላት ሄዷል፤ ሱቁ ተዘግቷል። ግራ ቀኝ አየሁ። ብሩሹን አነሳሁ። ትልቅ ኤክስ ሳብኩ፤ ከሥሩ 15 ብዬ ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ማንኪያ ሲይዝ የሚንቀጠቀጥ እጅ ለተንኮል ሲሆን ጸጥ አለ።

ተራው የእኔ ነበር። እኔ የመናኸሪያው ቲኬት ቆራጭ፣ እሱ የመናኸሪያው ልብስ ሰፊ፤ አርባ ዓመት እንዲህ ስንቀላለድ ነው የኖርነው። ባለፈው ዓመት ለተሳፋሪው ሁሉ "ቆራጩ ሊያገባ ነው" ብሎ አወራብኝ። ከሰሃላ አንድ ዘመዴ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ለሰርጌ ፍየል እየጎተተ መጣ። እስከ ዛሬ ሾፌሮቹ "የፍየሉ ሙሽራ" ይሉኛል። ስለዚህ ሰኞ ያሰብኩት እንዲህ ነበር፦ ከሶላት ይመለሳል፣ ኤክሱን ያያል፣ ይደነግጣል፣ እኔ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ ትንሽ እስቃለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ሻይ አስከፍለዋለሁ፤ ቀለሙን አብረን በላምባ እናስለቅቃለን።

ብሩሹን ሳስቀምጥ ስልኬ ጮኸ። የሟች ሚስቴ ወንድም ደሃና ላይ ማረፉን ነገሩኝ። ወደ ደሃና የሚሄደው የአምደወርቅ መኪና ሊነሳ ሞተር አሙቋል፤ ዘልዬ ገባሁ። ኤክሱን ረሳሁት።

የለም፣ እውነቱን ልጻፍ። አልረሳሁትም። መንገድ ላይ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ለቅሶ እየሄድኩ።

የሄድኩበት መንደር ስልክ አይሠራም። ቀብር፣ ለቅሶ፣ ሰልስት። ሁሴን ደግሞ እኔን አልጠበቀም። ቀለም ካረፈ ዶዘር ይመጣል። ዶዘር ከመጣ ቆርቆሮውም በሩም አብሮ ይደቅቃል። ስለዚህ የእኛ ሰው ቀለም ሲያርፍበት ቤቱን በገዛ እጁ ያፈርሳል፤ ቆርቆሮው ሳይቀደድ፣ እንጨቱ ሳይሰበር። "አንድ ጨመሩ ማለት ነው" ብሎ ማክሰኞና ረቡዕ ሲያፈርስ ዋለ።

ሲያየኝ ሥራውን ጥሎ መጣ። የሞተብኝን ሊያጽናናኝ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

"አላህ ያጥናህ፣ ቆራጩ።"

"ሱቅህ..." አልኩ።

"ተወው። የአንተ የሰው ነፍስ ነው፤ የእኔ ጭቃ ነው።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ተከፍቶ ነበር። "ነፍስ ይማር" ሲለኝ "አሜን" ብሎ ተዘጋ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ለሁሴን የምነግርባቸው መንገዶች፦

አንደኛ፣ በሳቅ። "አገኘሁህ!" ማለት። ጣራ ለሌለው ሰው?

ሁለተኛ፣ በሽማግሌ። የሰፈሩ ሽማግሌ እኔ ነኝ። ሰው ሲጣላ የሚጠሩት እኔን ነው። ራሴን ይዤ ራሴ ልሂድ?

ሦስተኛ፣ በደብዳቤ። ሁሴን ያለ መነጽር አያነብም፤ መነጽሩን ደግሞ ባለፈው ወር ተቀምጬበት ሰብሬዋለሁ። የምታነብለት ዘይነባ ናት። የዘይነባን ምላስ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚመርጥ።

አራተኛ፣ ዝም ማለት። ይህን እንደ አንድ መንገድ ቆጥሬ መጻፌ ራሱ ያሳፍራል።

ጠዋት የልጄ ልጅ ሰናይት ጋቢዬን ልታጥብ አወጣችው። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፣ ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ ምንም አያመልጣትም።

"አባባ፣ ይሄ ደም ነው?"

"ቀለም ነው። አጥሩ ነክቶኝ ነው።"

"አጥሩ ሰማያዊ ነው፣ አባባ።"

ሳሙና አለቀ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ሮጥኩ ልበል፤ እኔ የምሮጠውን ያህል። ቤት ያለኝን ሸራ ይዤ ደረስኩ። የጭቃ ግድግዳ ጣራ ከሌለው አንድ ከባድ ዝናብ ይበቃዋል። ሁሴንና እኔ በሁለት ጫፍ ሸራውን ወጥረን ያዝን፣ ዘይነባ ድንጋይ ጫነችበት።

"ቆራጩ፣ ጠበቅ አርገህ ያዝ! ደግሞ እንደ ቲኬት እንዳትቀደው!" አለኝ ሁሴን። ዝናቡ በጢሙ ላይ ይወርዳል፣ እሱ ይስቃል።

አልሳቅሁም።

"ምነው፣ ሐዘኑ ከብዶሃል?"

"ከብዶኛል" አልኩ። ይህም ውሸት አይደለም። ሐዘኑ የማን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም።

ሲያባራ ዘይነባ ምሳ አቀረበች። የሰኔ ጾም መሆኑን አልረሳችም፤ ለእኔ ቅቤ ያልነካው ሽሮ ለብቻው ሠርታለች። ሱቃቸው ፈርሶ፣ ዕቃቸው ልጇ ቤት ተከምሮ፣ የእኔን ጾም ታስባለች። "ብላ እንጂ! በወንድምህ ቤት እንደ እንግዳ ምን ያሽኮረምምሃል?" አለችኝ። በላሁ። ውሃ ሰጠችኝ።

ነገ እነግረዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

አልነገርኩትም። የባሰ ሆነ።

ሁሴን ጠዋት ምትክ ቦታ ሊጠይቅ ሄደ። ቢሮው አጥሩ ውስጥ የተቀመጠ ኮንቴይነር ነው። ከበሩ ፊት ሰልፍ ነበር፤ ሱቃቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች። እኔ "አብሬህ ልቁም" ብዬ ተከትዬው ነበር። የልቤ ሐሳብ መንገድ ላይ ልነግረው ነበር። መንገዱ አጭር ነው አልኩ። ሰልፉ ውስጥ እነግረዋለሁ አልኩ። ሰው በዛ አልኩ። ሰበብ በማግኘት ጎበዝ መሆኔን ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ተራው ደረሰ። የማስፋፊያው ኮሚቴ ጸሐፊ ወረቀት ገለበጠ።

"አባቴ፣ ዝርዝሩ አሥራ አራት ነው። አሥራ አምስት የሚባል የለም።"

"በሬ ላይ ተቀብቷል እኮ።"

"ማን ቀባው?"

"እናንተ ናችኋ!"

"እኛ አልቀባንም። ሠራተኞቹን ጠየቅን።" ከዚያ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ምትክ ቦታ ፈልጎ ራሱ ቀብቶ ራሱ የሚያፈርስ ሰው አይጠፋም። አፈርኩብዎት፣ በዚህ ዕድሜዎ።"

ሁሴን አንገቱ ላይ ሁልጊዜ የሚንጠለጠለውን ሜትር አወረደ። ቀስ ብሎ ጠቀለለው። ኪሱ ከተተው። "እኔ?" አለ። የሰው ቁራጭ ጨርቅ እንኳ አስቀርቶ አያውቅም፤ ከሱሪ የተረፈችውን እራፊ ጠቅልሎ ከሱሪው ጋር የሚመልስ ሰው ነው።

እኔ ከኋላው ሦስተኛ ነበርኩ። ሁለት እርምጃ። ሁለት እርምጃ ሄጄ "እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነበር። ምን እንዳደረግሁ ልጻፍ፦ ፊቴን አዞርኩ። የድሮዋ የቲኬት መስኮቴ ወደነበረችበት አየሁ። እሷ ባለፈው ሳምንት ፈርሳለች፤ ቦታው ላይ የአሸዋ ክምር አለ። የአሸዋ ክምር እንደሚያይ ሰው ሆኜ ቆምኩ።

ጸሐፊው ነገሩ ሰኞ በኮሚቴ እንደሚታይ፣ ምስክር ካለው ይዞ እንዲመጣ ነገረው። ሁሴን በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም። ማንንም አላየም።

ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። "ልብስ ሰፊውም እንዲህ ነው ለካ!" "ዝምተኛ ሰው አትመኑ።" "ቀለሙንም በልክ ነው የቀባው፣ ሰፊ አይደል!" ሳቅ። እኔ ሁልጊዜ ለሳቁ የምጨምር ሰው ነኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ማምሻውን ዝናብ ወረደ፤ ሸራው አልቻለም። የጀርባው ግድግዳ እንደ ደከመ ሰው ቁጭ አለ።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅጥሩ ውስጥ አልገባሁም፤ ከውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። የሚያውቁኝ "አያ ወልዴ ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው?" እያሉ አለፉ። አንዷ "አዲሲቱ ሙሽራ ከልክላቸው ይሆናል" አለች።

ከሰዓት ሁሴን ቤቴ መጣ። አርባ ዓመት ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ይሰድበኛል፣ እኔም እሰድበዋለሁ፣ ከዚያ ይገባል። ዛሬ ዝም ብሎ ገብቶ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ሰፊው ሁሴን።

"ነገ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ" አለኝ።

"እሄዳለሁ።"

"ሱቁ ይቅር። ምትክም አልፈልግም። ልጆቼ ግን የሌባ ልጆች አይባሉም። ቆመህ 'ሁሴን ይህን አያደርግም' በላቸው። አንተ አንድ ቀን እንኳ ቁም ነገር ከተናገርክ ሰው ይሰማሃል።"

ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሰው አልበዛም፤ መንገዱም አጭር አልነበረም። ሰበቤ ሁሉ አልቆ ነበር። "እሺ" አልኩት። እሺ ብቻ። ሲሄድ በር ድረስ ሸኘሁት፤ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ።

ሰናይት ጓዳ ሆና ሰምታለች።

"አባባ፣ ነገ ምን ሊናገሩ ነው?"

"እውነቱን።"

"የትኛውን?"

ጋቢዬን ወደ ራሴ ሳብኩ።

"ጋቢውን ካጠብኩ ጀምሮ አውቄያለሁ። ራስዎ ይነግሩታል ብዬ ነው ዝም ያልኩ። እስከ ነገ ዝም እላለሁ። ከነገ በኋላ ግን አልችልም፤ እሜቴ ዘይነባ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ትስመኛለች።"

በልጅ ልጄ ፊት እንዲህ አንሼ አላውቅም።

አሁን ብቻዬን ነኝና ሌላውንም ልጻፍ። ለምን ቀባሁት? ተራዬ ስለነበረ ብዬ ሐሙስ ጽፌያለሁ። ያ ግማሹ ነው። የቲኬት መስኮቴ ሲፈርስ ማንም አልጠራኝም። ጡረታ እስክወጣ ሠላሳ ዓመት በዚያች መስኮት ተቀምጫለሁ፤ የወልድያውን፣ የላሊበላውን፣ የኒሯቁን ተሳፋሪ በስሙ የማውቅ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ስመጣ የለችም። ማንም "አያ ወልዴ፣ ሊፈርስ ነውና ይምጡ ይዩት" አላለኝም። የሁሴን ሱቅ ግን ተረፈ። ከፍርስራሹ አጠገብ ቁጭ ብሎ ስፌት መኪናውን ሲያሽከረክር፣ ያ ድምፅ አናደደኝ። ለአንድ ሰዓት እንኳ እንደኔ ይሁን አልኩ።

ይህ ቀልድ አይደለም። ይህ ቅናት ነው። በወዳጄ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ተናገርኩ።

ስብሰባው መናኸሪያው ውስጥ በሸራ ጥላ ሥር ነበር። ጸሐፊው፣ የኮሚቴው ሰዎች፣ ከሌላ አካባቢ የመጣችው ወጣት ኢንጅነር፣ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ባለሱቆች፣ ሥራ ፈት ሁሉ። ሁሴን ከፊት ወንበር ላይ፣ የበዓል ልብሱን ለብሶ። ዘይነባ ከኋላ ቆማለች።

ጠሩኝ። ቆምኩ።

"ስምዎ?"

"ወልዴ።"

"ሥራ?"

"ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ፤ አሁን አያት ነኝ።"

ሳቁ። ልቀልድ አልነበረም፤ ምላሴ በለመደው ሄዶ ነው።

"ስለ አቶ ሁሴን የሚያውቁትን ይንገሩን።"

ስጨነቅ የአፍ መፍቻዬ ኽምጣኛ ይቀድመኛል። "ሁሴን አልቀባም፤ የቀባሁት እኔ ነኝ" ያልኩት በኽምጣኛ ነበር። ቋንቋውን የሚያውቁት በአንድ ጊዜ ሳቁ። ኢንጅነሯ "ምን አሉ?" አለች። ስለዚህ ደግሜ በአማርኛ ማለት ነበረብኝ። አልኩ። የቀሩትም ሳቁ። አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ተናገርኩ፣ ሁለት ጊዜ ተሳቀ።

"የፍየሉ ሙሽራ ለወዳጁ ሊታሰር ነው!" አለ አንድ ሾፌር።

"ኧረ አያ ወልዴ፣ ይቅርብዎ! እርስዎማ መሰላል ላይ እንኳ አይወጡ!"

ጸሐፊው ጠረጴዛውን መታ። "አባት፣ ይህ ስብሰባ ነው። ለወዳጅ ማዘን ጥሩ ነው፤ ግን ቀልዱን ከውጭ።"

በሕይወቴ እንደዛሬ ሰው አስቄ አላውቅም። እንደዛሬም እውነት ተናግሬ አላውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ሁሴን ብቻ አልሳቀም። ዞሮ አየኝ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ እጄን፣ እንደገና ፊቴን። አርባ ዓመት ስዋሽም ስቀልድም ያየኝ ሰው ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቃል። አመነኝ። ምነው አብሯቸው በሳቀ።

ተነሳ። ኮፍያውን አስተካከለ። በሰዎቹ መሀል አልፎ ወጣ።

"ሳቃችሁን ጨርሱና ጻፉ!" አልኩ። ጮህኩ። "ሰኞ ምሳ ሰዓት ነው። ብሩሹ እጀታው የተሰበረ፣ በሽቦ የታሰረ ነው። የቀለሙ ጣሳ በሲሚንቶ ወረቀት ተከድኗል። ብሩሹን ያነሳሁት ከጣሳው በስተቀኝ ነው፣ ስልክ ተደውሎልኝ ስጣደፍ በግራው ጣልኩት።"

ከሠራተኞቹ አንዱ ከኋላ ተነሳ። "ልክ ናቸው። ብሩሹ በሽቦ የታሰረ ነው። አፈር ውስጥ ወድቆ አገኘሁት፤ ማን ጣለው ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተጣልቼበታለሁ።"

ሳቁ ቆመ።

ኢንጅነሯ ቃለ ጉባኤ ጻፈች። አቶ ሁሴን ከነገሩ ነጻ ናቸው የሚለውን ጮክ ብላ እንድታነብ ለመንኳት። አነበበች። ሁሴን ግን አልነበረም። ፈረምኩ። ጸሐፊው ስለ ቅዳሜው ይቅርታ ለመጠየቅ ሁሴን ዘንድ እንደሚሄድ ተናገረ፤ ለዚህ አከበርኩት።

ከዚያ ጸሐፊው ሌላ ነገር አነሳ። ሱቁ ከፈረሰ አይቀር ለአውቶቡሶቹ መውጫ በር ይሁን፤ ወደ ኋላ መሄድ ይቀርላቸዋል አለ። በሐሰት የቀባሁት ኤክስ እውነት ሊሆን ነው። ኢንጅነሯ "ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ቦታው የእሳቸው ነው" አለች። ተከራከሩ። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ ዓርብ ኮሚቴው ቦታውን መጥቶ ያያል። ቤት ቆሞ ካገኘ የሁሴን ሱቅ ነው። ባዶ ሆኖ ካገኘ መውጫ በር ስለማድረግ ይነጋገራል።

አራት ቀን። በሰኔ ዝናብ።

ስወጣ ዘይነባ አጥሩ በር ላይ ጠበቀችኝ። ስድቧ እንዳያንስብኝ የፈራሁት ዛሬ ብቻ ነው።

"ሰባ ስድስት ነህ ወይስ ስድስት?" አለችኝ። "ሽሮ ለብቻህ ሠራሁልህ! ለብቻህ! በየትኛው ጉሮሮህ ዋጥከው?"

"ዘይነባ..."

"ስሜን አትጥራ! ሰውዬው ቅዳሜ ከዚያ ቢሮ መጥቶ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'ወልዴ ስላለ አይከፋኝም' አለኝ። ስላለ! ሂድ ከፊቴ፣ አንተ ሽበታም ጅል!"

ሄድኩ። ስድቧ ሁሉ ልክ ነው። "ስላለ" ያለችው ግን እስከ አሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

በጠዋት ሄድኩ። ማንም አልነበረም። ከወደቀው የጀርባ ግድግዳ አፈሩን ሰበሰብኩ፣ ውሃ ከመናኸሪያው ቧንቧ በጀሪካን አመላለስኩ፣ ሱሪዬን ጠቀለልኩና ጭቃውን መርገጥ ጀመርኩ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነው። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። የአጥሩ ሠራተኞች ቆመው አዩኝ። አንዱ "አያ ወልዴ፣ ኮብልስቶን መደርደር ይቀልዎታል፣ ወደኛ ይምጡ" አለ። እጄን አወዛወዝኩለት። እኔ መልስ ሳልሰጥ ሳልፍ ሰናይት ብታየኝ ሙቀቴን ትለካ ነበር።

ሁሴን ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ሰላም አላለኝም። ሂድም አላለኝም። ከወደቀው ግድግዳ ማገሩን ለየ፣ ገመድ አወጣ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቋሚው ላይ ማሰር ጀመረ። እሱ ያስራል፣ እኔ እረግጣለሁ። ቆይቶ ዘይነባ ብቅ አለች፤ እኔን አየች፣ ተፋች፣ ከዚያ የደረቀውን አፈር በአካፋ ወደ እኔ ታቀርብ ጀመር። ወደ እኔ ስታቀርብ ግን እያነጣጠረች ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሽንጤን መታችኝ።

ቀትር ሲሆን እሷ ሄደች። ሁለታችን ቀረን።

ለጀርባው ተናገርኩ። ፊት ለፊት ቢሆን አልችልም ነበር።

"ሁሴን፣ ትላንት 'የቀባሁት እኔ ነኝ' ብቻ ነው ያልኩት። ሙሉው ያ አይደለም። መስኮቴን ሲያፈርሱት ያንተ መትረፉ አናዶኝ ነበር። ቀናሁብህ። ብሩሹን ሳነሳ ያ ነበር በልቤ ውስጥ። ከደሃና ተመልሼም አራት ቀን እየተከተልኩህ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ሰልፉ ላይ ከኋላህ ነበርኩ። ፊቴን ያዞርኩት እኔ ነኝ።"

ገመዱን መጠምጠም አላቆመም። ቋጠረ። ጥብቀቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ። ወደ ሌላኛው ማገር አለፈ። ያልሰማ መሰለኝ። ደግሜ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ዞሮ ጭቃዬን አየ። እኔን አይደለም፣ ጭቃውን። በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው።

"ጭዱ አንሷል" አለ። "እንዲህ ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።"

ዞሮ ወደ ማገሩ ተመለሰ። እስከ ማታ ሲያስር ዋለ። ሲሄድም አልተሰናበተኝም።

ሰናይት ከጎረቤት ሁለት ጆንያ የጤፍ ጭድ አመጣችልኝ። የት እንደሚሄድ አልጠየቀችም። በር ላይ አቁሜዋለሁ። ሰማዩ እንደገና ደመና ይዟል፤ እንዳይርስ ጋቢዬን ደረብኩበት። እኔን ቢበርደኝ ይብረደኝ።

ነገ ጠዋት ሁሴን ያስገባኝ እንደሆነ አላውቅም። ጭዱን ግን አደርሳለሁ።